ቦታው እንጂ ቤቱ አልተፈለገም፦ የ97 ኤክስ ሬዲዮ ጉዳይ

አሜሪካ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ መኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃ ነበር። ከሀገሩ ወጥቶ እዚህ ከተማ የገባ ሐበሻ ብዙው ያቺን የመስታወት ክፍል ያውቃታል፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ሬዲዮ። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ሙዚቃ የሚያጫውት አንድ የንግድ ጣቢያ ከፍቼ እተወው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የዘፈኖቹን ተራ ሸመደድኩት። ይኼ ካለቀ ያኛው ይመጣል፣ ከዚያ የመኪና ሻጩ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በፊት የሰማሁት ዘፈን። አንድ ሌሊት ከባድ በረዶ ጣለ። መንገዱ ተዘጋ፣ የሚተካኝ ልጅ ሳይመጣ ቀረ፣ እኔም እዚያው አደርኩ። ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ግን ደስ ባለው ድምፅ «እንዴት ያለ ምሽት ነው!» ይል ነበር። ድምፁ ሌላ ቦታ አስቀድሞ ተቀድቶ የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ሌሊት የተሰማኝ ብቻዬን መሆኔ ብቻ ነው።

97 ኤክስ የተባለውን የሮክ ሙዚቃ ጣቢያ ያሳየኝ ከኦሃዮ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ በኢንተርኔት አሰማኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ዘፈን አልተደገመም። በዘፈኖቹ መካከል የሚናገረው ሰው የባንዱን የትውልድ ከተማ ያውቃል፣ ያለፈው ሳምንት ኮንሰርታቸው ላይ ነበር፣ ሲሳሳት ይስቃል። የሮክ ሰው አልነበርኩም፤ ያደግሁት በሌላ ዜማ ነው። ቢሆንም ከማሽኑ በስተጀርባ ሰው እንዳለ ጆሮ ይለየዋል። ከዚያ ወዲህ እስኪዘጋ ድረስ ተከታተልኩት። ከተዘጋ በኋላም ለምን እንደተዘጋ ለዓመታት ሳነብና ሳሰላ ቆየሁ። ብዙ ሰው «አድማጭ ስላጣ ነው» ይላል። ጉዳዩ እንደዚያ አይደለም። ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ከመነሻው ልጀምር። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦክስፎርድ ሲባል ብዙዎቻችን የእንግሊዙን እናስባለን። ይኼኛው በኦሃዮ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከሲንሲናቲ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ፣ ማያሚ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ያለበት ትንሽ ከተማ ነው። ዳግ እና ሊንዳ ባሎግ የተባሉ ባልና ሚስት በ1981 በ97.7 ኤፍ ኤም ላይ የነበረውን ጣቢያ ገዙ። የጥሪ ስሙን ዶብልዩ ኦ ኤክስ ዋይ አሉት፤ ሰው ግን 97 ኤክስ እያለ ነው የጠራው። በ1983 መኸር የጣቢያውን ሙዚቃ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞደርን ሮክ ለወጡት። ያን ጊዜ ይህ ድፍረት ነበር። ዘ ኪዩርና አር ኢ ኤም የሚባሉት ባንዶች ዛሬ በየገበያ አዳራሹ የሚሰሙ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን በትልልቆቹ የአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች ዘንድ ብዙም ቦታ አልነበራቸውም። የኮሌጅ ተማሪዎች በራሳቸው ጣቢያ ያጫውቷቸው ነበር እንጂ ማስታወቂያ እየሸጠ፣ ደመወዝ እየከፈለ፣ ሃያ አራት ሰዓት እነሱን የሚያሰማ ጣቢያ በመላ አገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማጥራት እፈልጋለሁ፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚህ ነጥብ ነውና። 97 ኤክስ ራሱ የንግድ ጣቢያ ነበር። ማስታወቂያ ያሰራጫል፣ ትርፍ ይፈልጋል። ስለዚህ «ንግድ ሙዚቃን ገደለ» ብሎ መደምደም አያዋጣም። ልዩነቱ ባለቤቶቹ እዚያው ከተማ መኖራቸው፣ ያላቸው ጣቢያ አንድ ብቻ መሆኑና የሚያጫውቱትን የሚመርጡት ራሳቸውና ባልደረቦቻቸው መሆናቸው ነው። ወረፋ የያዘ ዘፈን ቢኖር ወረፋውን ያስያዘው ሰው ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጧል።

ሞገዱ ደካማ ነበር። ፈቃዱ ለትንሽ ከተማ ከሚሰጠው ዝቅተኛ የኃይል መደብ ስለነበር ሲንሲናቲ ሲደርስ ይቆራረጣል። እኛ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ለመያዝ ሬዲዮ ይዘን ከመስኮት መስኮት እንደምንዞረው ሁሉ፣ የሲንሲናቲና የዴይተን ልጆችም ለዚህ ጣቢያ ሲሉ አንቴና ያዞሩ ነበር። በየዓመቱ በሜይ መጨረሻ፣ አሜሪካውያን የወደቁ ወታደሮቻቸውን በሚያስቡበት ረጅም የእረፍት ቀናት፣ ጣቢያው አምስት መቶ ዘፈኖችን ከመጨረሻው ወደ አንደኛው እየቆጠረ ያሰማል። ቆጠራው ሞደርን ሮክ 500 ይባል ነበር፤ በእነዚያው ቀናት በአጎራባቹ ግዛት ከሚካሄደው ኢንዲያናፖሊስ 500 ከተባለው ታዋቂ የመኪና ውድድር ጋር በስም የተቀራረበ ነው። ለአድማጮቹ እንደ ዓመት በዓል ነበር።

በ1988 የወጣው ሬይን ማን የተሰኘ ፊልም ስሙን ዓለም አሰማው። ደስቲን ሆፍማን የሚጫወተው ሬይመንድ በመኪና ሲጓዝ ከሬዲዮ የሰማውን የጣቢያውን መፈክር፣ «97 ኤክስ፣ ባም! የሮክ ኤንድ ሮል መጪው ዘመን» የሚለውን፣ ደጋግሞ ይለዋል። ፊልሙን ያየ ሁሉ መፈክሩን ያውቀዋል፤ ጣቢያውን ግን ከዚያ አካባቢ ሰው በቀር የሰማው አልነበረም።

አሁን ወደ ዙሪያው እንሂድ። ምክንያቱም 97 ኤክስ የተወደደው በራሱ መልካምነት ብቻ ሳይሆን ሌላው ሁሉ አንድ እየሆነ ስለሄደ ነው።

እስከ 1996 ድረስ በአሜሪካ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያ እንዲኖረው አይፈቀድም ነበር። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ይህን ጣሪያ አነሳው። በትልልቅ ከተሞችም አንድ ባለቤት እስከ ስምንት ጣቢያ ድረስ እንዲይዝ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የሆነው የገበያ ግርግር ነው። ጣቢያ በየሳምንቱ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይጠቀለላል። ሲንሲናቲ ደግሞ የዚህ ግርግር ዋና ሰፈር ነበረች፤ ከትልልቆቹ ገዢዎች አንዱ የነበረው ጃኮር ዋና መሥሪያ ቤቱ ከከተማዋ ወንዝ ማዶ፣ ኬንታኪ ውስጥ ነበር። እሱንም በ1999 የቴክሳሱ ክሊር ቻነል ጠቀለለው። ክሊር ቻነል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ያዘ። እንግዲህ 97 ኤክስ የሚወዳደረው ከጎረቤት ጋር መሆኑ ቀረ። አንድ ማስታወቂያ አስነጋሪ ወደ ክሊር ቻነል ሲሄድ በአንድ ውል በከተማዋ ላሉ ብዙ ጣቢያዎች ይከፍላል፤ ወደ ኦክስፎርድ ሲመጣ አንድ ደካማ ሞገድ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ሙዚቃው ለምን ተመሳሰለ? አድማጮች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ዲጄውን ነው። በአብዛኞቹ ትልልቅ ጣቢያዎች ግን ዲጄው በዚያን ጊዜ ዘፈን የመምረጥ ሥልጣን አልነበረውም። ዘፈን የሚመረጥበት መንገድ ይህን ይመስል ነበር። አንድ ሠራተኛ ለሰዎች ቤት ስልክ ይደውላል። ከእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ በጣም የሚታወቀውን አዝማች ለሰባት ወይም ለአሥር ሰከንድ ያሰማል። «ወደዱት? ሰለቸዎት? አያውቁትም?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ በቁጥር ይሰላል። እስኪ አስቡት፤ በአሥር ሰከንድ የሚታወቅ ዘፈን አስቀድሞ የሚታወቅ ዘፈን ነው። አዲስ ዘፈን በዚህ ፈተና ማለፍ አይችልም፤ የሚያልፈው ትናንት ያለፈው ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ የሚፈሩት ነገር አለ። ለማስታወቂያ አስነጋሪ የሚሸጠው የአድማጭ ቁጥር ነው፣ አድማጩ ደግሞ የማያውቀውን ዘፈን ሲሰማ እጁን ወደ ቁልፉ ይሰዳል። ስለዚህ ጣቢያው የተገነባው ሰው እንዲወድ ሳይሆን ሰው እንዳይቀይር ነው። በመውደድና ባለመቀየር መካከል ያለው ልዩነት ያን የሌሊት ፈረቃዬን የሞላው ባዶነት ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። ዘፈን ለማሰማት በስውር ገንዘብ መቀበል በአሜሪካ ከ1960 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ነገር ግን አሳታሚዎቹ በመካከለኛ ሰዎች በኩል፣ በስጦታና በጉዞ ግብዣ መልክ መክፈላቸውን አላቆሙም። የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ኤልየት ስፒትዘር ይህን መርምሮ በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ እንዲስማማ አደረገ፤ ሌሎቹ ትልልቅ አሳታሚዎችም ተከተሉ። በ2007 ደግሞ ክሊር ቻነልን ጨምሮ አራት የሬዲዮ ኩባንያዎች የሬዲዮ ፈቃድ ለሚሰጠው ለፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በድምሩ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። «ሬዲዮ ላይ የሚሰማው የሚከፈልበት ነው» ሲሉ የኖሩ አድማጮች እንደ ሐሜተኛ ይታዩ ነበር። እውነታቸውን ነበር።

ክሊር ቻነል ራሱ በ2008 በከባድ ብድር መገዛቱንም አንርሳ። ስሙን አይሃርት ሚዲያ ብሎ ከለወጠ በኋላ በ2018 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ዕዳው ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በየከተማው የሚናገረው ሰው የተባረረው፣ ድምፅ ከሌላ ቦታ እየተቀዳ የመጣው፣ ማስታወቂያው የበዛው በከፊል ለዚህ ወለድ ነው።

ወደ ኦክስፎርድ እንመለስ። በ2004 መጀመሪያ ባሎጎች ጣቢያቸውን ለመሸጥ ተስማሙ። ገዢው ፈርስት ብሮድካስቲንግ የተባለ የዳላስ ኩባንያ፣ ዋጋው 5.6 ሚሊዮን ዶላር። እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው። ይህ ኩባንያ ሙዚቃውን አልፈለገም፣ አቅራቢዎቹን አልፈለገም፣ አድማጩንም አልፈለገም። የሙያው ዋና ነገር በትናንሽ ከተሞች የተሰጡ የኤፍ ኤም ፈቃዶችን ገዝቶ ወደ ትልቅ ከተማ ጠጋ ማድረግ ነበር። 97.7 በኦክስፎርድ ሲሆን ትንሽ ነው፤ አስፈቅዶ ወደ ሲንሲናቲ ዳርቻ ቢያስጠጉት ዋጋው ሌላ ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አሮጌ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሲሸጥ ገዢው ግድግዳውን አያይም፣ ጓሮ ያለውን ኮባ አያይም፣ የሚያየው ካርታውን ነው። 97 ኤክስም ቤት ነበር። የተሸጠው ቦታው ነው።

በባሎጎች መፍረድ ይከብደኛል። ከሃያ ዓመት በላይ ያለ እረፍት ሠርተዋል፣ ከብዙ መቶ ጣቢያ ባለቤት ጋር ብቻቸውን ተፎካክረዋል። ያቺን ፈቃድ በዚያ ዋጋ አለመሸጥ ለእነሱ የጡረታን ገንዘብ መጣል ነበር። አድማጮቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ ተቆጡ ከማለት ይልቅ አለቀሱ ማለት ይቀላል። ሜይ 13 ቀን 2004 የ97.7 የሞደርን ሮክ ስርጭት ቆመ።

ፍሪኩዌንሲው በኋላ በእርግጥ ወደ ሜሰን፣ ወደ ሲንሲናቲ አጠገብ ተዛወረ፤ ከጊዜ በኋላም በስፓኒሽ ቋንቋ የሚያሰራጭ ጣቢያ ሆነ። በዚህ አልከፋም። እኔም ስደተኛ ነኝ፤ የእኛ ሰዎች በዋሽንግተን አካባቢ በአማርኛ ለመስማት ከጣቢያ ላይ የአየር ሰዓት በገንዘብ እየገዙ ማሰራጨታቸውን አውቃለሁ። ሃያ አራት ሰዓት በቋንቋው የሚሰማ ጣቢያ ያገኘ ሕዝብ ደስ ይበለው። ቅሬታዬ አንዱ አድማጭ የራሱን ለማግኘት ሌላው የራሱን ማጣት ያለበት መሆኑ ነው።

ጣቢያው ግን አልሞተም። ከ1998 ጀምሮ በኢንተርኔትም ያሰራጭ ስለነበር ሠራተኞቹ ያንኑ ይዘው ለመቀጠል ገንዘብ ፈለጉ። በመጀመሪያ አልተሳካም። ኤፍ ኤሙ ከቆመ በኋላ ግን ስማቸው ያልተገለጸ ባለሀብቶች መጡ፤ በጁላይ 2004፣ የጥሪ ስሙ ፊደላት እንደ አንድ ቃል ተነበው፣ ዎክሲ ዶት ኮም በሚል ስም በኢንተርኔት ብቻ ተመለሰ። ያ ባልደረባዬ በላፕቶፑ ያሰማኝ ይህን ነው። ደካማው ሞገድ ቀርቶ ከዋሽንግተን እስከ ለንደን ያለ እንከን የሚሰማ ሆነ። ባንዶች እየመጡ ስቱዲዮው ውስጥ በቀጥታ ይጫወታሉ። ከጥቂት ወራት በፊት ኦሃዮ ውስጥ በየጣሪያው አንቴና ያዞር የነበረ ሰው ሁሉ ለቅሶውን ትቶ «እንዲያውም ተሻለ» ያለበት ጊዜ ነው።

ብዙዎቻችን ያልገባን ሂሳቡ ነበር።

በኤፍ ኤም አንድ ሺህ ሰው ቢሰማህም መቶ ሺህ ሰው ቢሰማህም ማሰራጫው የሚበላው መብራት ያው ነው። አድማጭ በጨመረ ቁጥር ማስታወቂያው ይወደዳል፣ ወጪው ግን ባለበት ይቆማል። በኢንተርኔት ሲሆን ይገለበጣል። እያንዳንዱ አዲስ አድማጭ የራሱን የመስመር ወጪ ይዞ ይመጣል። ከዚህ የባሰው የሮያሊቲው፣ ማለትም ዘፈን ሲሰማ ለባለመብቶቹ የሚከፈለው ገንዘብ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ የኤፍ ኤም ጣቢያ ለዘፈኑ ደራሲ ይከፍላል፤ ለድምፃዊውና ቅጂውን ላሳተመው ግን ምንም አይከፍልም። የኢንተርኔት ሬዲዮ በ1990ዎቹ በወጡ ሕጎች ለሁለቱም ይከፍላል። በ2007 የሮያሊቲ ዳኞች የወሰኑት ተመን ለአንድ ዘፈን ለአንድ ጆሮ የሚታሰብ ነበር፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2010 0.0019 ዶላር ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል። እናስላው። በማንኛውም ሰዓት በአማካይ አንድ ሺህ አድማጭ ያለው፣ በሰዓት 15 ዘፈን የሚያሰማ ጣቢያ በዓመት 131.4 ሚሊዮን ጊዜ «ዘፈን ለጆሮ» አደረሰ ማለት ነው። በ2010 ተመን ሲባዛ 249,660 ዶላር ይሆናል። ያንኑ ዘፈን ለአንድ ሚሊዮን ሰው የሚያሰማው ኤፍ ኤም ጣቢያ ለድምፃዊው የሚከፍለው ዜሮ ነው። ተመኑን በመቃወም ጁን 26 ቀን 2007 ብዙ የኢንተርኔት ጣቢያዎች ለአንድ ቀን ዝም አሉ፤ ከዚያም ለትናንሾቹ በድርድር ቅናሽ ተገኘ። ነገር ግን አቅጣጫው አልተለወጠም፤ መወደድ ወጪ ሆነ።

ድምፃዊ መከፈሉን አልቃወምም። እኛም አገር ሙዚቀኞች ሬዲዮ ጣቢያዎች ለዘፈናቸው እንዲከፍሉ ስንት ዓመት እንደጠየቁ አውቃለሁ፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የሚያንገበግበኝ ለአዲስ ዘፋኝ በሩን የከፈተው ትንሹ ጣቢያ ሲከፍል፣ በሩን የዘጋው ትልቁ ነጻ መሆኑ ነው።

የ2004ቱ ገንዘብ በሁለት ዓመት አለቀ። አድማጮች በአባልነት ከፈሉ፣ ማስታወቂያም ተሞከረ፣ አልበቃም። በሴፕቴምበር 2006 ሁለተኛው መዘጋት መጣ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ቢል ንጉየን የተባለ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ሰው ላላ በተሰኘ ኩባንያው በኩል አነሳው። ላላ ሰዎች ያገለገለ ሲዲ በፖስታ የሚለዋወጡበት አገልግሎት ነበር፤ ለእንደዚያ ያለ ሥራ ጥሩ ሙዚቃ የሚያስተዋውቅ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ላላ ግን ብዙም ሳይቆይ ሲዲውን ትቶ በኢንተርኔት ዘፈን ወደ ማሰማት ዞረ፤ ያን ጊዜ ጣቢያው እንግዳ ልጅ ሆነበት። በ2009 ፊውቸር ሳውንድስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ወስዶት ከኦሃዮ ወደ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ተዛወረ። (ላላን ራሱን በዚያው ዓመት ዲሴምበር አፕል ገዛው፤ በሚቀጥለው ሜይ መጨረሻ ዘጋው።) ማርች 23 ቀን 2010፣ በኦስቲን ትልቁ የሙዚቃ ጉባኤ ካለቀ በቀናት ውስጥ፣ ስርጭቱ በእኩለ ቀን ገደማ ተቋረጠ። ስንብት አልነበረም። በ2004 ሰው ተሰብስቦ የተሰናበተው ጣቢያ በ2010 መብራት እንደጠፋ ቀጥ አለ።

በስድስት ዓመት ሦስት ባለቤት ተፈራረቀ። ሦስቱም ሙዚቃውን የሚወዱ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። ለእኔ ይህ ከ2004ቱ ሽያጭ በላይ ያስተምረኛል፤ ቸር ባለሀብት ማግኘት መፍትሔ እንዳልሆነ ያሳያልና። ቸርነቱ ሥራው እስኪለወጥ ድረስ ነው።

ለመሆኑ አድማጭ መብት የለውም? ይህን ስፈልግ ያገኘሁት ባሎጎች ጣቢያውን በገዙበት በዚያው በ1981 የተሰጠ አንድ ፍርድ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ዶብልዩ ኤን ሲ ኤን የሚባል የክላሲካል ሙዚቃ ጣቢያ በ1974 ወደ ሮክ ሲለወጥ አድማጮች ማኅበር አቋቁመው ታገሉ። በሥር ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ አድማጮች ተሰሚነት ነበራቸው፤ ልዩ የሆነ ሙዚቃ ከአንድ ከተማ ሲጠፋ ያ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ማየት አለበት የሚል አቋም ነበር። ኮሚሽኑ አልፈለገም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ የሙዚቃ ዓይነትን ገበያ ይወስን የሚለው የኮሚሽኑ አቋም ሕጋዊ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ አድማጭ ስለ ሙዚቃው የሚያቀርበው አቤቱታ የሚሰማበት ወንበር የለም። ሃያ ዓመት ያዳመጠም፣ አንቴና የሰቀለም፣ በስሙ ልጁን የጠራም ያው ነው።

ብዙዎች ተስፋ የሚያደርጉት ትርፍ በማይሹት የሕዝብ ጣቢያዎች ነው። እኔም እነሱን ነው የምሰማው። ግን እነሱም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምሳሌ ልስጥ። በጃንዋሪ 2005 በሚኒሶታ ዘ ከረንት የተባለ ጣቢያ በ89.3 ተጀመረ። ከ97 ኤክስ አቅራቢዎች አንዷ ባርብ አብኒ በኋላ እዚያ ገብታ ነበር፤ መንፈሱም የሚቀራረብ ነው። በጣም ጥሩ ጣቢያ ነው። ነገር ግን ያ ፍሪኩዌንሲ ከየት መጣ? ሴንት ኦላፍ የሚባል ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ክላሲካል ሲያሰማ የቆየበትን ጣቢያ በ10.5 ሚሊዮን ዶላር ለሚኒሶታ የሕዝብ ሬዲዮ ሸጦት ነው። የዚያ ጣቢያ አድማጮችም ገንዘብ ሲያዋጡ የኖሩ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ። የእኔ ደስታ የእነሱ ሐዘን ሆነ። በሲንሲናቲም ከ97 ኤክስ በኋላ ብዙዎች የተጠጉት ዶብልዩ ኤን ኬ ዩ የተባለው የሰሜን ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነበር። በ2017 ዩኒቨርሲቲው ዋናውን ፍሪኩዌንሲ ለአንድ ሃይማኖታዊ ስርጭት ድርጅት በ1.9 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። እነዚያ አድማጮች ቤታቸው ሁለት ጊዜ ፈረሰባቸው ማለት ነው፤ አንዴ በነጋዴ፣ አንዴ በዩኒቨርሲቲ።

በተቃራኒው የሲያትሉ ኬ ኢ ኤክስ ፒ አለ። እሱም የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነበር። ልዩነቱ የጣቢያው ወዳጆች በሕግ የተቋቋመ ድርጅት ሆነው መቆየታቸውና በ2014 ፈቃዱን ራሱን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ድርጅታቸው ማዛወራቸው ነው። ጣቢያው ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ማንም ሳያለቅስ። ሙዚቃው ከ97 ኤክስ ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚለውን ለጆሮ እተወዋለሁ። ካርታው ግን በእነሱ ስም ነው።

ዛሬ በወር የተወሰነ ዶላር ለአንድ የሕዝብ ጣቢያ እሰጣለሁ። በየመከሩና በየጸደዩ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ስልክ እደውላለሁ። ስልኩን የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስሜንና የካርድ ቁጥሬን ይጠይቁኛል፣ ቲሸርት እፈልግ እንደሆነም ይጠይቁኛል። እኔም ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ የጣቢያው ፈቃድ በማን ስም ነው? ባለፈው መከር ያገኘኋት ልጅ አታውቅም ነበር። «ቆይ ጠይቄ ልምጣ» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው፤ ከጀርባዋ ዘፈኑ ይሰማኝ ነበር። ጠበቅኋት።